ሳይቀምስ የሰከረው ወዚር

ሮቤ ገበያ ዳር፣ ከእትዬ ሸዋርጋ ጠጅ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የሚሰፋ ወዚር የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። የጠጅ ቤቱ ጫጫታና የስፌት መኪናው ድምፅ ሲፎካከሩ ይውላሉ እንጂ ባለቤቶቹ ተጣልተው አያውቁም። እሷ በፋሲካ ድፎ ዳቦ ትልክለታለች፣ እሱ በኢድ ሳምቡሳ ይልክላታል። ከዚያ በቀር ወዚር የጠጅ ቤቱን ደፍ ረግጦ አያውቅም። ሰካራሞች ተጓትተው የቀደዱትን ኮት ይሰፋል፣ እየሰፋም ይመክራል፤ ምክሩን ግን የሚሰማው አልነበረም።

እንግዲህ በዚያች ከተማ በሰካራምነት ስሙ የጠፋው ሰው ይኸው ወዚር ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ያሙት ሰዎች ሁሉ ክፉዎች አለመሆናቸው ነው፤ ብዙዎቹ በዓይናቸው ያዩትን ነው ያወሩት።

ነገሩ የተጀመረው ከጨጓራው ነው። በሶማሌ ጦርነት ሰሞን፣ ባሌ ስትታመስ፣ ወዚር ለሚሊሺያ ካኪ ስፋ ተብሎ ቀን ከሌት ከመኪናው ጋር ተጣብቆ ከረመ። ምሳው ቆሎና ጥቁር ሻይ ነበር። ሆዱን ሲቆርጠው ወገቡን በገመድ ጠበቅ ያደርግና «ደህና ነኝ» ይላል። ደም እስኪያስታውከው ድረስ ደህና ነኝ ሲል ቆየና በመጨረሻ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ወሰዱት። እዚያም ሆዱን ከፍተው የጨጓራውን ትልቁን ክፍል ቆርጠው አወጡለት። ነፍሱን አተረፉለት፤ ይህን እሱም ክዶ አያውቅም። ሲመለስ በጣም ከስቶ ስለነበር መኪናው ፊት ተቀምጦ መጀመሪያ የሠራው ሥራ የራሱን ሱሪዎች ማጥበብ ነበር።

ቁስሉ ዳነ፣ ቁርጠቱም ለቀቀው። ሌላ ነገር ግን መጣ። ከበላ ከጠጣ በኋላ፣ ሁልጊዜ አይደለም፣ አልፎ አልፎ፣ ልቡ ድው ድው ትላለች። ላብ ያጠምቀዋል፤ ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ መሬቱ ይከዳዋል። ምላሱ ተሳስሮ የጀመረውን ነገር አይጨርስም። ጥቂት ከተጋደመ በኋላ ይለቀውና ምንም እንዳልነካው ሰው ተነሥቶ ስፌቱን ይቀጥላል። በመጀመሪያው ዓመት «የኦፕራሲዮኑ ድካም ነው» አሉ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግን ኦፕራሲዮኑም ተረሳ፣ የሚባለውም ጠፋ።

ወንድሙ ቱሉ ከሃረና ጫካ ማርና ቡና እያመጣ ይነግድ ነበር። «ማር መድኃኒት መሆኑን ቁርአን ይመሰክራል» እያለ ለወንድሙ ጥሩ ጥሩውን ይመርጥለታል። የወዚር ሚስት ሃጂራም ማሩን በውሃ እየበጠበጠች፣ ገና አፉን እህል ሳይነካው፣ በየማለዳው ታጠጣዋለች። በደከመ ቁጥር ማሩን ታበዛለታለች፤ ማሩ በበዛ ቁጥር እሱ ይደክማል። ጨጓራው የተቆረጠበት ሰው ጣፋጭ ነገር በባዶ ሆዱ ሲጠጣ ሳይቆይ ወደ አንጀቱ ይወርድና እንዲህ ያደርገዋል። ዛሬ ይህን የሚያውቅ ሐኪም ብዙ ነው። ያን ጊዜ ግን በወዚር ዙሪያ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሚስትና ወንድም ከፍቅራቸው ብዛት ያሳምሙት ነበር።

ረመዳን ሲገባ ነገሩ ባሰ። ቀኑን ሙሉ ሲጾም ደህና ነው፤ እንዲያውም እንደ ጾም ጊዜ ጤና አግኝቶ አያውቅም። ፀሐይ ገብታ ማግሪብ ሲደርስ መስጊድ ውስጥ ከሰዎች ጋር በተምርና ስኳር በበዛበት ሻይ ያፈጥራል። አንድ ቀን ካፈጠረ በኋላ ለሶላት ቆሞ ሳለ ተንገዳገደና ከሰልፉ መሃል በጎረቤቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ በተሳሰረ ምላስ «ተዉኝ፣ ልተኛ» ሲል ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ቀን ይጾማል፣ ማታ ይጠጣል» የሚለው ወሬ እሱ ሳይነሣ ገበያ ደረሰ።

ሃጂራ ያን ዕለት ጎንበስ ብላ አፉን አሸተተችው። የተምር ሽታ ብቻ ነው ያገኘችው። በማግሥቱ ሻርፗን አጥብቃ በየቤቱ ዞረች። «ወላሂ ባሌ አልጠጣም! አፉን አሽትቻለሁ!» እያለች ማለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ባማው ቁጥር እሷ ትምልለት ነበር። ወዚርም ከተማው ሁሉ ቢጠረጥረኝ ሃጂራ አለችኝ እያለ ይጽናና ነበር።

እትዬ ሸዋርጋም በበኩሏ ተቆጣች። ገበያ መሃል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ጠጅ ሻጭ ነኝ፤ ሰካራም ጠፍቶብኝ አያውቅም! ወዚር ግን አንዲት ብርሌ ቀምሶልኝ አያውቅም!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ደንበኛዋን እሷ ካልሸፈነች ማን ሊሸፍንላት ኖሯል?» ተባለ። እግዜር ይስጣት፣ ልትረዳው ብላ ነገሩን ጨርሳ አበላሸችበት።

ወዚር ጎባ ሄዶ ለሐኪም ታየ። ደም ስለሚመረመር ሳትበላ ና ተብሎ ስለነበር በባዶ ሆዱ ሄደ፤ በባዶ ሆዱ ደግሞ ወዚር ከማንም የበለጠ ጤነኛ ነው። ልቡ ሲደመጥ ደህና፣ ደሙ ደህና፣ ተራመድ ሲባል ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ወጣቱ ሐኪም የቻለውን ያህል አገላብጦ አየው፤ የሆዱን ጠባሳ ግን የዳነ ቁስል ነው ብሎ አለፈውና «ጭንቀት ይሆናል፣ አባቴ» ብሎ የሚያረጋጋ ክኒን አዘዘለት። ወዚር ወደ ሮቤ ሲመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ። በሽታ ቢያገኙበት ኖሮ እንዴት ደስ ባለው! ለሐሜተኛው ሁሉ «ይኸውላችሁ፣ ይኼ ነው የሚያመኝ» ለማለት ነበር የጓጓው።

በጓዳ በኩል ግን የባሰ ስም መሹለክለክ ጀምሯል። አንዲት የሃጂራ ዘመድ ወዚር ሲወድቅ አይታ «ይኼማ የሚጥል በሽታ ነው፤ ዱዓ እንዲደረግለት ሼክ ሁሴን መቃብር ውሰዱት» አለች። ሃጂራ በድንጋጤ የሴትየዋን አፍ በመዳፏ ከደነችባት። የሚጥል በሽታ በዘር ይሄዳል ብሎ ሰው ያምን ነበር፤ ይህ ከተሰማበት ቤት ደግሞ ሴት ልጅ የሚያገባ አይገኝም። እዚያ ቤት ውስጥ ጁሀራ ነበረች።

ጁሀራ የወዚር ትልቋ ልጅ ናት። ያጫት ዲማ የሚባል የአጋርፋ ልጅ፣ ትራክተር የሚነዳ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ጎረምሳ ነው። ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ልቧ ሄዷል፤ «እሱ ከቀረ ሌላ አታምጡብኝ» ብላ ለእናቷ ነግራታለች። የዲማ አባት ኦቦ ማሜ የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ሳያገላብጡ እሺ የማይሉ ጠንቃቃ ሰው። እሳቸውም ቢሆኑ እሺ ብለው የቀረው ኒካው፣ የጋብቻው ውል፣ ብቻ ነበር።

በኒካ ልጅቷን የሚሰጠው ወሊዋ፣ ማለትም አባቷ ነው። ወዚርም ከታመመ ወዲህ የሚመኘው ይህችን አንዲት ነገር ነበር። ኒካውን የሚያስሩት የመስጊዱ ሼክ ግን ለብቻው ጠርተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወዚር፣ ልጄ፣ እኔ በዓይኔ ያየሁት የለም» አሉት። «ነገር ግን በመጠጥ የሚታማ ሰው ወሊ ሲሆን ነገ በኒካው ላይ ጥያቄ ይነሣል። ወንድምህ ቱሉ ቢሰጣት ምን አለበት?»

«ሼኻችን፣ ወላሂ ቀምሼ አላውቅም!»

«አምንሃለሁ። ሰውን ምን ላድርገው?»

«ልጄን በገዛ እጄ ልስጣት። የዚያን ቀን ቀጥ ብዬ ካልቆምኩ የፈለጋችሁትን በሉኝ።»

ሼኹ አንጀታቸው አልችል አለና እሺ አሉ።

ወዚር በራሱ የደረሰበት አንድ ነገር ነበር፤ ሳይበላ ከዋለ አይታመምም። ስለዚህ ከኒካው ዋዜማ ጀምሮ እህልም ሆነ የሃጂራ ማር በአፉ አልዞረም። ጠዋት ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ፣ ኮፊያውን አስተካክሎ፣ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ተቀበለ። «አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደራችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ» ሲል ድምፁ የጥንቱ ወዚር ድምፅ ነበር። ሃጂራ በአጠገቡ ስታልፍ «ዛሬስ አማረብህ፣ የጁሀራ አባት» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ቱሉ በማሰሮ ብርዝ ይዞ ገባ። ማሩ የሃረና ነው፣ የተበጠበጠውም የዚያኑ ዕለት ማለዳ። ብርዝ ካደረ ይፈላል፣ ከፈላም ከጠጅ አይለይም፤ ስለዚህ በነሱ ዘንድ ለሽማግሌ ሲቀርብ አለመፍላቱን ለማሳየት የቤቱ ጌታ ከሁሉ ቀድሞ፣ ሁሉ እያየው፣ ይጠጣል። ቱሉ ትልቁን ዋንጫ እስከ አፉ ሞልቶ ለወንድሙ አቀበለው።

ወዚር ዋንጫውን ይዞ አመነታ። ማር ይጎዳሃል ብሎ የነገረው ሰው የለም፤ ደግሞስ መድኃኒት ነው የተባለውን ነገር ማን ይጠረጥራል? ሆዱ ግን አትጠጣ ይለዋል። እምቢ ቢል ብርዙ ፈልቷል ማለቱ ነው፣ ያውም በሱ ቤት። ኦቦ ማሜ ትክ ብለው ያዩታል።

«ምነው ወዚር፣ ፈልቷል እንዴ?» አሉ ፈገግ ብለው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ግን ፈገግ አላሉም።

«የለም፣ ኦቦ ማሜ። ቢስሚላህ» አለና ጨለጠው።

ሼኹ ስለ ትዳር ምክር ጀመሩ። ሌላ ቀን ቢሆን ጥሩ ምክር ነበር፤ ያን ዕለት ግን መርዘሙ አይጣል ነው። ወዚር በልቡ «ያ ረቢ፣ ቶሎ በላቸው፣ ቶሎ በላቸው» ይላል። በመጨረሻ ሼኹ ወደ እሱ ዞረው የዲማን እጅ ያዝ አሉት። ያዘ። ደስታው ከፍርሃቱ በላይ ሆኖ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ልጄን... ጁሀራን...» አለ። ልቡ ደረቱን መደብደብ ጀመረች። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ በተያያዙት እጆች ላይ ተንጠባጠበ። «ልጄን... ጁሀ...» ምላሱ አልታዘዘው አለ። ዲማ ሊደግፈው ሲል በጎኑ ተዘረረ፣ ማሰሮውንም ገለበጠው፤ ብርዙ ምንጣፉን አጥለቀለቀው።

«ይኸው፣ በልጁ ኒካ ቀን እንኳ!» አለ አንዱ ከበር በኩል። ቱሉ በኀፍረት አንገቱን ደፋ።

ኦቦ ማሜ ግን እጃቸውን ወደ ማሰሮው ሰደው የቀረውን ቀመሱ። ከዚያ ተጎንብሰው የወዚርን አፍ አሸተቱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ይህ ሰው አልሰከረም» አሉ። «ብርዙ ትኩስ ነው። አፉም መጠጥ አይሸትም።»

ይህችን ቃል ወዚር ስንት ዓመት ሲጠብቃት ኖሯል! ገላው አልታዘዝ ቢለውም ጆሮው ይሰማ ነበር፤ ተጋድሞ እያለ በልቡ አልሐምዱሊላህ አለ። ኦቦ ማሜ ግን ገና አልጨረሱም።

«ካልሰከረ የሚጥለው ሌላ ነገር ነው። ቱሉ፣ እውነቱን ንገረኝ። በዘራችሁ የሚጥል በሽታ አለ? ዲማ፣ አንተም ተነሥ፤ ይህ ሳይታወቅ ኒካ የለም።»

ቱሉ ዓይኑን በወንድሙ ላይ ተከለ። ዲማ ተነሣ፣ ግን ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። ከጓዳ በኩል የጁሀራ ሳግ ተሰማ። ወዚር ያንን ሳግ ያውቀዋል፤ ሕፃን ሳለች ትኩሳት ሲይዛት እንደዚያ ነበር የምታለቅሰው። ክርኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ በግድ ቀና አለ።

«ጠጥቻለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ጠጥቻለሁ፣ ኦቦ ማሜ። አረቄ ነው። እንዳይሸት ቅርንፉድ አኘኩበት። በዘራችን የሚጥል በሽታ የለም፤ እኔን የሚጥለኝ መጠጥ ነው።»

ኦቦ ማሜ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ የተዞረው ፊት ላይ ግን እፎይታ ይታይ ነበር። «መጠጥስ ተጸጽቶ የሚተውት ነው፣ ተውበት አለው» አሉ ቆይተው። «የአባት ጥፋት በልጅ ላይ አይቆጠርም። ተቀመጥ ዲማ። ቱሉ ይስጣት።»

ሼኹ ወዚርን ቀና ብለው አላዩትም። ሁለት ሰዎች ደግፈው ወደ ጎን ክፍል አስገቡትና መደቡ ላይ አጋደሙት። ከግድግዳው ማዶ የወንድሙ ድምፅ ሳይደናቀፍ «የወንድሜን ልጅ ጁሀራን» ሲል ሰማው። ከዚያ እልልታው ቀለጠ።

ሃጂራ ውሃ ይዛ ገባች። የኦቦ ማሜ እህትም ፎጣ ይዛ ተከትላት ገብታ ራስጌው ቆመች። ሃጂራ ውሃውን አላቀበለችውም።

«ዛሬ ብቻ ነው?» አለችው። «ንገረኝ። እኔ ስምልልህ የኖርኩት... ያ ሁሉስ? ያኔ መስጊድ የወደቅኸውስ?»

ወዚር አያት። ዛሬ ብቻ ነው ቢል የኦቦ ማሜ እህት ያ ሁሉ መውደቅ ታዲያ ምን ነበር ብላ መጠየቋ አይቀርም። ሴትየዋ ፎጣውን እንደያዘች መልሱን ትጠብቃለች።

«ያኔም ጠጥቼ ነው፣ ሃጂራ» አላት።