መዝገቡ ላይ «መጡ» የተባሉት

ፀሐይ የማይጠፋባት ያቺ አሮጌ ከተማ አንድ ትልቅ መናፈሻ አላት፤ እንግዳው ሁሉ ፎቶ ለመነሳት የሚጋፋው እዚያ ነው። እትዬ መርፌ ግን ግርግር አይወዱም። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ አርባ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖረዋል። ጡረታ ወጥተው፣ ባላቸውንም ከቀበሩ ወዲህ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን ትንንሽ መናፈሻዎች መዞር ያዙ፦ ሰኞ ከፈረሰው መታጠቢያ ቤት ጓሮ፣ ረቡዕ ትልቁ ሰዓት ከተሰቀለበት ማማ ሥር፣ ቅዳሜ ከግንቡ ጥግ ያለችው ባለ ሎሚዋ።

ሁሉም አንድ በአንድ ተዘጉ። አንዱ የመኪና ማቆሚያ ሆነ፤ ሌላውን ምን እንደበላው እንጃ። የቀረችው ባለ ሎሚዋ ብቻ ናት፤ እትዬ መርፌም በየቀኑ እዚያው ይመላለሱ ጀመር። ከትልቁ ሎሚ ሥር ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ብርቱካናቸውን ልጠው ለሁለት ይከፍሉና ግማሹን እንደ ድሮ ልማዳቸው ከጎናቸው ያስቀምጡታል፤ ቆይተው ራሳቸው ይበሉታል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። የሚያካፍሉት ሰው ሲጠፋስ?

በሩ ላይ አንድ ጥበቃ አለ። «እንደምን አደሩ እማማ?» ይላል፤ «ይመስገን ልጄ» ይላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨዋታቸው ከዚህ አላለፈም። ባለፈው የብርድ ወራት እትዬ መርፌን ጉንፋን ጥሏቸው አሥራ አንድ ቀን ሲተኙ በራቸውን ያንኳኳ አልነበረም። «ብሞት እንኳ የሚያስታውቀው ሽታዬ ነው» ብለው ለራሳቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ሆድ ባሳቸውና አለቀሱ።

አንድ ቀን ጥበቃው በሩ ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ደረሱ። ጎብኚ የሌለው መናፈሻ ሁሉ ሊዘጋ ነው።

«አይዞዎት እማማ» አላቸው። «የገባ የወጣውን የምጽፍበትን መዝገብ ግልባጭ ወር በወር ለከተማው መናፈሻዎች ኃላፊ እልካለሁ። የዚህን ወሩን አይቶ በጣም ተደስቷል፤ ነገ ራሱ ይመጣል።»

እትዬ መርፌ ልባቸው አላመነም። እዚያ ግቢ ውስጥ ከራሳቸው ጥላ ሌላ ሰው አይተው አያውቁማ። ይቺ ከተዘጋች ደግሞ ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት የላቸውም።

በማግስቱ ኃላፊው የወሩን ግልባጭ ይዞ ከተፍ አለ።

«‹በሦስት ሰዓት መጡ። ከሎሚው ሥር ተቀመጡ። ቀትር ላይ ሄዱ።› በየቀኑ! የታሉ ሰዎቹ?»

ጥበቃው በአገጩ ወደ አግዳሚው አመለከተ። «እሳቸው ናቸው።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌላ የለም።»

«‹መጡ› ብለህ ጽፈሃል እኮ! እኔ ብዙ ሰው መስሎኝ!»

«ታዲያ እናቴን የሚያህሉ ሴት ‹መጣች› ብዬ ልጻፍ ጌታዬ?»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳቁ አመለጠው። ሲጨርስ ግን አንገቱን ደፋ። «ለአንድ ሰው ተብሎ መናፈሻ አይከፈትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፤ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል» ብሏቸው ወጣ። ሰውን አክብሮ መጻፍም ለካ ጣጣ አለው።

እትዬ መርፌ ወደ ጥበቃው ዞረው፣ «እስቲ የኔን ጉድ አሳየኝ» አሉና መዝገቡን ተቀበሉት። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ወደ ኋላ ገለጡ። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሄዱ። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሄዱ። የብርዱ ወራት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አልመጡም።»

«ዛሬም አልመጡም።»

«አልመጡም። ምን ነክቷቸው ይሆን?»

ቆጠሯቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጥበቃው በትልልቁ «መጡ! ተመስገን» ብሎ ጽፏል።

«ታዲያ ለምን መጥተህ አላንኳኳህም ልጄ?» አሉት።

«ቤትዎን መቼ አውቄው እማማ?»

እውነቱን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱም አልጠየቀ፣ እሳቸውም አልነገሩት። እትዬ መርፌ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዘዝ አድርገው ወሰዱና፣ ከመጨረሻው መስመር ሥር ጻፉ፦

«ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሰማያዊ በር። ደወሉ አይሠራም፤ በኃይል አንኳኳ።»