በቤት ጊዮርጊስ የበላነው የዱባ ቶርታ

አስመራ የገባሁት በሃያ አንድ ዓመቴ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደተመረቅሁ አማርኛ እንዳስተምር ተመደብኩና ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዤ ደረስኩ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ አልፌ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ።

የተከራየሁት እዳጋ ሓሙስ በሚባል ሰፈር፣ አምስት ክፍል ካለው ግቢ ውስጥ አንዷን ክፍል ነው። አከራዬ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ፎቶግራፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ እሱ ግን ቤት ውስጥ የለም። በመጀመሪያው ሰሞን የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። “የለም” አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ አስመራ ውስጥ “የለም” የተባለ ወጣት ወደ በረሃ፣ ወደ ታጋዮቹ እንደሄደ ሰው ሁሉ ይገምታል፤ አፉን ከፍቶ የሚናገር ግን አልነበረም።

እኔ “አደይ” እላቸው ነበር፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ የግቢው ሰው ሁሉ እንደዚያ ስለሚላቸው ነው እኔም ያልኩት። እሳቸው ግን “መምህር” ይሉኛል። መምህር፣ ውሃ መጣ። መምህር፣ ደብዳቤ አለሽ። ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም፣ ሌላ ቃልም አይጨምሩም። ኪራዩን ተቀብለው፣ “የቐንየለይ” ብለው አመስግነው፣ በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ።

ትምህርት ቤትም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ልጆቹ ክፍል ውስጥ የጻፍኩትን ይገለብጣሉ፣ የጠየቅኋቸውን ይመልሳሉ። ደወል ተደውሎ ሜዳው ላይ ሲወጡ ግን የራሳቸው ጨዋታ ይደምቃል፤ እኔ ስጠጋ ደግሞ ጸጥ ይላል። የገዛ ቋንቋቸውን ትተው በእኔ ቋንቋ እንዲማሩ የተፈረደባቸው ልጆች ዝም ቢሉ ምን ይገርማል? ይህን የተረዳሁት ግን ቆይቼ ነው። ያን ጊዜ እኔን የሚጠሉኝ እየመሰለኝ ክፍሌን ዘግቼ አለቅስ ነበር።

አደይ በወጣትነታቸው በአንድ የጣሊያን ቤተሰብ ቤት ወጥ ቤት ነበሩ። ከዚያ ከወጡ በኋላ ኑሯቸውን የሚገፉት ቤታቸው እየጋገሩ ለሚያዝዛቸው በመስጠት ነው። በጓሯቸው ባለው ማብሰያ ቤት፣ ጎኑ ላይ መጋገሪያ ሳጥን ያለው፣ በእንጨት የሚነድ የብረት ምድጃ አላቸው። ብስኩትም ይጋግራሉ፣ ዳቦም ይጋግራሉ፤ ስማቸው የሚነሳው ግን በቶርታቸው ነው። ቶርታ ሲባል ጣፋጭ ኬክ የሚመስለው አለ። የእሳቸው ጨው ያለው ነው። ሊጡ በስሱ ይዳመጥና አትክልት ይከመርበታል፤ ከዚያ ጠርዙ ዙሪያውን በእጅ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጥሩ ቅርጽ ይኑረው ብሎ የሚጨነቅ የለም። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ዱባው ከገጠር በአህያ ሲገባ፣ ቶርታው የዱባ፣ የሽንኩርትና የቆስጣ ይሆናል። ሽታው ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሌ ድረስ ይመጣል። ሁለት ወር ሙሉ አሸተትኩት እንጂ አልቀመስኩትም፤ የታዘዘ ስለሆነ ሁሉም ይወሰዳል።

በጥቅምት አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አደይ ግቢው መሐል ቀኝ እጃቸውን የውሃ ሳህን ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ከመጥበሻው የፈላ ዘይት ፈስሶባቸው ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። እስከ አንጓቸው ድረስ ጠቅልለው አሰሩላቸውና ሦስት ሳምንት ምንም እንዳይነኩ አዘዙ።

በማግሥቱ የአንድ ቤት አትክልተኛ መልእክት ይዞ መጣ። ድሮ የሠሩላት ጣሊያናዊት እመቤታቸው፣ አሁን ብቻዋን የቀረች አሮጊት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጠቅልላ ወደ አገሯ ልትሄድ ነው። ለእሑድ ምሳ የዱባ ቶርታ እንዲጋግሩላት ትለምናለች። አደይ የታሰረ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አድርገው አዳመጡት። “ሕራይ” ብለው፣ እሺ ማለታቸው ነው፣ ሸኙት። ሰውየው ከወጣ በኋላ ዱካቸው ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ሲያዩ ቆዩ።

በሬ ላይ ቆሜ አይቻቸው ነበርና፣ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ እኔ እሠራዋለሁ አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ዳቦ ጋግሬ እንደማውቅም ጨመርኩ።

“ይሄ ዳቦ አይደለም” አሉ። ቀጥለውም “ነገ ከሰዓት በጊዜ ነይ” አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጀመርን። የዳቦ ሊጥ መታሸት ይወዳል፤ ይሄኛው አይወድም። የቀዘቀዘ ቅቤ በዱቄቱ ውስጥ በጣት ጫፍ ብቻ እየተሰባበረ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተረጨበት፣ ሊጥ ሊሆን ሲል ይተዋል። እኔ ግን እንደለመድኩት ባለ በሌለ ኃይሌ አሸሁት። አደይ በግራ እጃቸው ትከሻዬን ነካ እያደረጉ “ቀስ፣ ቀስ” ይሉኛል። ዱባውንም ጥሬውን ከትፌ፣ ጨው ነስንሼ፣ ወዲያው ሊጡ ላይ ደፋሁት። ውሃውን ማውጣት እንዳለብኝ ሊነግሩኝ ሲሉ፣ የአማርኛው ቃል ሲጠፋቸው፣ እኔ ገብቶኛል ብዬ ቸኩዬ ነው። ከምድጃው ሲወጣ ላዩ ያምራል፤ ሥሩ ግን ገንፎ ሆኗል። ጠርዙ ደግሞ ጥርስ ይሰብራል።

አለቀስኩ። ቶርታው ብቻ አልነበረም ያስለቀሰኝ፤ የሁለት ወሩ ሁሉ ነው የመጣብኝ።  አደይ ሁለት ማንኪያ አመጡና አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ከትሪው ላይ እየዛቁ መብላት ጀመሩ። እየበሉ ነው፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በትግርኛ፣ የመጀመሪያ ቶርታቸውን ያበላሹ ዕለት እመቤቲቱ ከነትሪው ጓሮ ወስዳ እንደጣለችባቸው ያጫወቱኝ። ልጅ ነበሩ፤ ከሰፈራቸው ከወጡ ገና ወራቸው ነበር። “እኛ አንጥልም” አሉ። እራታችን ያ ሆነ። ዱባው ጣፋጭ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት አስመራ ውስጥ ከሰው ጋር የበላሁት ነገር አልነበረም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደገና ጀመርን። በዚህኛው ጊዜ አልቸኮልኩም። ዱባውን በጣት ልክ ቆርጬ፣ ጨው ነስንሼ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥሬ ሰቀልኩት፤ ጠብ ጠብ እያለ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ወጣው። ከዚያ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ጠበስኩት። ሽንኩርቱ እስኪለሰልስ በዘይት ቆየ፤ ቆስጣው ተቀቅሎ በሁለት እጅ ተጨመቀ። ሊጡን ከመንካቴ በፊት እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስነከሩኝ። ሊጡ ሲዳመጥ መጀመሪያ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ይነሰነስበታል፤ የተረፈውን እርጥበት እሱ ይጠጣል። ከዚያ አትክልቱ፣ የተፈቀፈቀ ፎርማጆ አይብ፣ አንድ ቁንጣሪ የጥብስ ቅጠል። ጠርዙን አጥፌ የእንቁላል አስኳል ቀባሁት።

የምድጃውን ሙቀት አደይ የሚለኩት በጸሎት ነው። ደህናውን ግራ እጃቸውን መጋገሪያው ውስጥ አስገብተው አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራሉ። ጸሎቱ ካለቀና እጃቸው ካልተቃጠለ እንጨት ይጨመራል፤ ገና ከጅምሩ ካስወጣቸው ደግሞ ይጠበቃል። በዚያ ቀን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው እጃቸውን መዘዝ አደረጉና “አግቢው” አሉኝ።

ሲወጣ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሥሩን አየን። ደርቋል። አደይ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ እንደ በር ተንኳኳ።

ትሪውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን፣ እኔ ይዤ፣ እሳቸው ከጎኔ ሆነው ወጣን። በዋናው ጎዳና በኮምቢሽታቶ ላይ አውቶቡስ ቀየርን። የእሑድ ሰው ለብሶና ተኳኩሎ ይንሸራሸራል፤ ፌርማታው ላይ የቆሙት ሽታውን ተከትለው ዘወር ይላሉ። አሮጊቷ የምትኖርበት ሰፈር፣ ቤት ጊዮርጊስ ስንደርስ ዳገቱን በእግር ወጣነው።

ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሣጥኖች ታስረው ተደርድረዋል፤ ሥዕሎች የተነሡበት የግድግዳው ቦታ ነጥቶ ይታያል። የቀረው የምግብ ጠረጴዛውና ጥቂት ወንበሮች ናቸው። አሮጊቷ ትንሽዬ ናት፤ በከዘራ ትሄዳለች። የአደይን የታሰረ እጅ አይታ ደነገጠች፣ በእጇ ያዘችው፣ በጣሊያንኛ ብዙ ተናገረች። አደይ በአጭሩ መለሱ።

ቶርታውን ጠረጴዛው ላይ እንዳደረግሁ አደይ ሄደው ወደ ማብሰያ ቤት በሚወስደው በር አጠገብ ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ደህናውን እጃቸውን በታሰረው ላይ አድርገው። የለመዱት ቦታ ያ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። አሮጊቷ አየቻቸው። አንድ ወንበር ስባ አንድ ነገር አለች። አደይ አልተንቀሳቀሱም። ሁለተኛ ወንበር ሳበች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ደገመችው። አደይ በዐይናቸው መጀመሪያ እኔን ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ እሳቸው መጡና ከጎኔ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

አሮጊቷ ራሷ ቆረሰች። ጠርዙን በሹካዋ ሰበር አድርጋ የሚሰጠውን ድምፅ ሰማችና ራሷን ነቀነቀች። አደይ በግራ እጃቸው እያስቸገራቸው፣ ሳይቸኩሉ በሉ። ከአሮጊቷ ይበልጥ የማየው እሳቸውን ነበር። ትንሽ ቆይታ አሮጊቷ እኔን እያየች አንድ ጥያቄ ጠየቀች። አደይ ሁለት ቃል መለሱ። አሮጊቷ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ሁለተኛ ቁራሽ አንሥታ ሳህኔ ላይ አደረገችልኝ። ስንወጣ በሩ ላይ ረጅም ነገር ተናገረች፤ አደይ “እወ፣ እወ”፣ አዎ አዎ እያሉ ብቻ ሰሟት። ሲሳሳሙ ሁለቱም አላለቀሱም።

ዳገቱን ስንወርድ ምን ብላ እንደጠየቀቻቸው ጠየቅሁ።

“ማን ሠራው አለች።”

“እርስዎስ ምን አሉ?”

“ጓለይ አልኳት። ልጄ ናት የሠራችው።” ጥቂት እርምጃ ሄድን። “ያን ጠረጴዛ ዐሥራ ሰባት ዓመት አሰናዳሁት” አሉ ቀጥለው፣ “ዛሬ ተቀመጥኩበት። ስላንቺ ነው፤ እንግዳ ይዤ ነዋ የመጣሁት።”

ከዚያ ቀን በኋላ መምህር ብለውኝ አያውቁም። ጓለይ ሆንኩ። እጃቸው ከዳነ በኋላም ቅዳሜን አብረን እንጋግር ነበር። ትግርኛዬን ያስተካከሉልኝ ሊጥ ላይ ነው። ትግርኛው ሲሻሻል ሜዳው ላይ ስጠጋ የሚዘጋው የልጆቹ ጨዋታ መዘጋቱን ተወ፤ አነጋገሬ ያስቃቸው ነበር፣ እኔም ደስ እያለኝ አስቃቸዋለሁ።

በዓመቱ ከተማው ከበደ። ተማሪዎች ክፍል አንገባም የሚሉበት፣ ወታደር በየመንገዱ ጥግ የሚቆምበት ጊዜ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ሁለት ሴቶች አደይ ቤት ገቡ። ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ሰማኋቸው። ክፉዎች አልነበሩም፣ ፈርተዋል። መምህሯን አስወጪያት፣ በእሷ ምክንያት ከወዲህም ከወዲያም ጣጣ ይመጣብናል ነው የሚሉት። እኔም ዕቃዬን በዐይኔ መሰብሰብ ጀምሬ ነበር።

አደይ ድምፃቸውን ሳያነሡ መለሱላቸው፦ “እኔም ልጅ አለኝ። ዛሬ ምሳውን በማን ቤት እንደሚበላ አላውቅም። የሰው ልጅ ከቤቴ አስወጥቼ፣ ለልጄ ምን ብዬ ልጸልይ?”

ሴቶቹ ወጡ። የሰማሁ አልመሰልኩም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ቅዳሜ ግን ከወትሮው ትልቅ የሆነ ቶርታ አስጋገሩኝና፣ ለሁለት ሳህን ቆርሰው፣ ለሁለቱ ሴቶች እኔ ራሴ እንዳደርስ ላኩኝ። አንደኛዋ ወዲያው ተቀበለችኝ። ሁለተኛዋ በሩን ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ግቢ አለችኝና ሻሂ አጠጣችኝ። ሳህኑን በማግሥቱ ስትመልስ አራት እንቁላል አድርጋበት ነበር።

አራት ዓመት ኖርኩ። ከዚያ ወደ ደሴ ተዛወርኩ፣ እዚያው አገባሁ፣ ወለድኩ። ባሌ ታሞ ሥራ ባቆመባቸው ዓመታት ቤታችን የቆመው በእኔ ደመወዝና በምጋግረው ነው፤ ደሴ ውስጥ የአትክልት ቶርታ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ቀስ በቀስ ወደዱት። የአደይን ሞት የሰማሁት ከሞቱ ከስድስት ወር በኋላ፣ መንገዱ በጦርነት ተዘግቶ ሳለ፣ ከአንድ ነጋዴ አፍ ነው። ለቅሶ መድረስ አልቻልኩም። ብቻዬን ማብሰያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቼን ጠርቼ አበላሁላቸው። ልጆቼ ይህቺ ሴት ምናችን ናት ብለው ሲጠይቁኝ አያታችሁ አልኳቸው፤ ውሸት አልነበረም።

አስመራን የለቀቅሁ ጠዋት እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝተውኝ ነበር። ላመሰግናቸው ፈለግሁ፤ በአማርኛ ብለው የተጠና ንግግር ሊመስል ነው። በቋንቋቸው “የቀንየለይ” አልኳቸው። አደይ ሳቁ። ከጉሮሮ ነው የሚወጣው፣ ቐ ነው እንጂ ቀ አይደለም አሉና ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ አበላሸሁት። አውቶቡሱ ሲነሣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ለአራተኛ ጊዜ ጮክ ብዬ አልኩት። እጃቸውን እያወዛወዙ ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ።