ሙሉ ቻርጅ ይዤ ቀብር አመለጠኝ

ጓደኛዬ ግርማ መሞቱን ዛሬ የሰማሁት ከቀብሩ ከሚመለሱ ሰዎች ነው፣ ኤረር በር አጠገብ።

የእድራችን ሰብሳቢ «ጋሼ፣ ስንደውልልዎ አደርን፣ ስልክዎ አይሰራም» አለኝ።

«እግር አልነበራችሁም ወይ?» አልኩት።

እኔ ቻርጅ አላጣሁም። መብራት ሲጠፋ ቤቴ ባስቀመጥኩት የባጃጅ ባትሪ እሞላለሁ እንጂ የማንንም ደጅ አልጠናም። ለካ መብራቱ ጠፍቶ ሲቆይ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። ሙሉ ስልክ ታቅፌ አደርኩ።

ድሮ ለቅሶ በጥሩምባ ነበር የሚነገረው። ስልክ አለ ተብሎ ቀረ። ባለቤቴ ስታርፍ ጥሩምባውን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው፣ ቃሬዛዋንም ከፊት የያዘው ግርማ ነው። እኔ ለሱ አፈር እንኳ አላለበስኩም።

ኔትወርኩ አሁን መጣ። ያመለጡኝ ጥሪዎች መልእክት ሁሉ አሁን ይገባል፤ ለማን ሊጠቅም ነው?

ነገ ጥሩምባውን ከእድሩ ቤት አወጣለሁ፣ የሚከለክለኝን አያለሁ።

እናንተ ሰፈር መብራት ሲጠፋ መርዶ በምን ይሰማል? ንገሩኝ።