ምች የመታው ትምህርት ቤት

ውሸት ቶሎ የሚገባኝ ሴት ነኝ ብዬ ነበር የማምነው። ከሕፃናት ጋር የቆየሁበት ዕድሜ ቀላል አይደለም፤ እርሳስ የሰበረውን ልጅ ፊቱን ሳላይ በአካሄዱ እለየዋለሁ። ያን ዓመት ግን እናቶች ተራ በተራ ዋሹኝ፤ እኔም አንዷንም ሳልጠረጥር አመንኳቸው። ማመኑስ ባልከፋ፣ ስኳር እየገዛሁ ነው ያመንኳቸው።

ሰቆጣ ላይ አንዲት ትንሽ አፀደ ሕፃናት አለችኝ። ሁለት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ አንዲት ረዳት፣ በቃ ይኸው ነው። ቤቱን ያከራዩኝ ባልቴት እዚያው ግቢ ውስጥ በስተጓሮ ይኖራሉ። የእሳቸው ሥራ ልጆቹ የሎሚ ዛፋቸው ሥር እንዳይሸኑ መጠበቅ ነው፤ የልጆቹ ሥራ ደግሞ እዚያው መሽናት ነው። መስከረም ላይ ስንከፍት ሠላሳ አራት ልጆች ነበሩን። ግማሾቹ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ስለሆነ ረዳቴ ጠዋት ጠዋት መዝሙሩን በሁለት ቋንቋ ታስጀምራቸዋለች። ሲጨርሱት ግን በጩኸት ብቻ ነው የሚጨርሱት።

ከዚያ ኑሮው ጠበበ። ሬዲዮው ነገሩን በትልልቅ ቃላት ሲያብራራ ሰምቻለሁ፤ ወደ እኛ ከተማ ሲመጣ ግን ማንም ሳያብራራው ነው የመጣው። የሚሠሩት ቤቶች ግድግዳቸው ተጋምሶ ቀረ፤ ግንበኞቹ ጥግ ይዘው ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። ባጃጆቹ ቤንዚን ፍለጋ ተሰልፈው ይውላሉ፤ ቤንዚኑ ሲገኝ ደግሞ ተሳፋሪው በእግሩ መሄድ ለምዷል። የሰፈራችን ባለሱቅ ዘይት በሲኒ እየለካ መሸጥ ያዘ። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ የእኔን በር ያንኳኳል ብዬ አላሰብኩም። ለምን እንዳላሰብኩ ዛሬም አይገባኝም።

መጀመሪያ የቀረው የባጃጅ ነጂው ልጅ ነው። እናቱ በር ድረስ መጥታ «መምህርት፣ ልጁን ምች መቶት ነው፤ ትንሽ ይረፍልኝ» አለችኝ። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በእኛ ዘንድ የታመመ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው፤ ሳይጠይቁት የቀሩትን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኙት አንገት እንደደፉ ማለፍ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ስኳር ገዛሁና ሄድኩ።

ልጁን ከሩቅ ያየሁት መሰለኝ። ካብ ላይ ቆሞ የጎረቤት ፍየሎች ላይ ይጮህባቸዋል። እናቱም እኔን አየችኝ። ከበሩ አንድ እጅ ብቅ አለና ልጁን ከካቡ ላይ ቀጠፈው። ደጁ ላይ ሰላምታ ሰጥቼ እስክገባ ድረስ በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ፊቱ በዳማከሴ ጭማቂ አረንጓዴ ሆኗል። ግንባሩን ስነካው በላብ ርሷል፤ ልቡ ከበሮ ይመታል።

«ወይኔ፣ ትኩሳቱ!» አልኩ።

«እሱን እኮ ነው የምልዎ» አለች እናቱ እያለከለከች።

«አላመመኝም!» አለ ልጁ ከጋቢው ውስጥ።

«ይኸው፣ ያስቀባዥረዋል» አለች።

እግዜር ይማረው ብዬ ስኳሩን አስቀመጥኩ። እሷም ባዶ አፍዎን አይሄዱም በሚል ዓይነት ይዛኝ ሁለት እንቁላል ጠበሰችልኝ። እንቁላሎቹ ለገበያ የተቀመጡ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ጣፍጠውኝ ነበር፤ ሙልጭ አድርጌ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ በሽታው ተስፋፋ። አንዱን ምች መታው፣ አንዷ እንጥሏ ወረደ፣ አንዱ ሆዱን ቆረጠው። መንትዮቹን ጆሮ ደግፍ ይዟቸዋል ተባለ። ልጠይቃቸው ስገባ አንደኛው ቀኝ ጉንጩን፣ ሌላው ግራ ጉንጩን በሻሽ ታስረው ተቀምጠዋል፤ ስወጣ ዞር ብዬ ባያቸው ሻሾቹ ጎን ቀይረው ነበር። እኔም «ወይ ጉድ፣ በሽታው ወደ ሌላው ጎን ዞረ» ብዬ አዘንኩ። እንዲህ ያለች አስተማሪ ነበርኩ።

የታመሙት ልጆች እየበዙ ሲሄዱ የእኔም ስጦታ እየኮሰሰ ሄደ። አንድ ኪሎው ስኳር ግማሽ ኪሎ ሆነ፣ ግማሽ ኪሎው አራት ሙዝ፣ ሙዙ አንድ ብስኩት። የባለቤቶቹም መስተንግዶ እንደዚሁ ነው፤ ከእንቁላል ወደ ቆሎ፣ ከቆሎ ወደ «ጠላው አልደረሰም እንጂ» ወረደ። እነሱም እኔም የሌለንን እያወጣን፣ እየተመራረቅን ተያይዘን ቁልቁል እንወርድ ነበር።

ረዳቴ አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለች «መንትዮቹን እኮ ትናንት ገበያ አየኋቸው፣ ኳስ ሲራገጡ» ብትለኝ ተቆጣኋት። «የታመመ ልጅ ስም ማጥፋት ኃጢአት ነው» አልኳት። በዚያኑ ቀን ወረርሽኝ ገብቷል ብዬ የጤና ባለሙያ የሆነችውን የአክስቴን ልጅ ጠራኋት። እሷም ቦርሳዋን አንግታ ቤት ለቤት ዞረች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ነጠላዋ እሾህ ይዞት ተተርትሯል።

«በሥራ ዘመኔ እንዲህ የሚሮጥ በሽተኛ ገጥሞኝ አያውቅም» አለችኝ። «ቦርሳዬን ሲያዩ ተበተኑ። መንትዮቹ ላይማ እስካሁን አልደረስኩባቸውም። አንቺ ሴት፣ ልጆቹ ደህና ናቸው። ወላጆቹ መክፈል አቅቷቸው ነው። አንቺ ደግሞ ታስፈሪያለሽ።»

መክፈል አቅቷቸው ነው ያለችው አሳዘነኝ፤ ታስፈሪያለሽ ያለችው ግን አንገበገበኝ። ምክንያቱም እውነት ነው። መስከረም ላይ ወላጆችን ሰብስቤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «እኔ ጋ ወላጅ ገንዘብ ተጠይቆ አያውቅም፤ የእኔ ወላጆች ጨዋዎች ናቸው» ብዬ ነበር። አመስግኛቸው ሞቼ! ከዚያ በኋላ የለኝም ማለት ከጨዋነት መውጣት ሆነባቸው። እና ልጆቻቸውን አስተኟቸው።

ተቀይሜ ነበር፤ ደግሞም አፍሬ ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ ሳልለይ ባልቴቲቱ መጡ። የሽንኩርት ነጋዴ ሁለቱን ክፍል ለመጋዘን ፈልጓቸዋል፤ ከእኔ የተሻለ ይከፍላል። «አንቺን ጠልቼሽ አይደለም» አሉኝ። «ግን ሽንኩርት ሎሚ ሥር አይሸናም።» የነቢያት ጾም ሳይገባ ወይ ኪራዩን እንድጨርስ፣ ወይ ቤቱን እንድለቅ ነገሩኝ። በዚያን ጊዜ የቀሩኝ አሥራ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ረዳቴም ደመወዟን ከተቀበለች ሁለት ወር አልፏታል። ቆርጬ ልዘጋ ወሰንኩ።

አሁን የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ወላጆቹን ጠርቼ «ገንዘብ የለኝም፣ ልዘጋ ነው» ማለት ነበረብኝ፤ አራት አምስት ቃል ነው። ምላሴ ግን እምቢ አለ። ረዳቴን «ታማለች፣ ትምህርት የለም በያቸው» አልኳት።

«ምን ሁና ልበላቸው?» አለችኝ።

«ምች» አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጄ ላይ ሁካታ ሰማሁ። በበሩ ስንጥቅ ባይ ነጠላ በነጠላ ላይ ነው። ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ ሰፌዱን አልጋ ሥር ወርውሬ ዘለልኩና ጋቢዬን እስከ አገጬ ሳብኩት። እናቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ገቡ፤ የቀሩትም፣ ያልቀሩትም። የባጃጅ ነጂው ሚስት ከጓሮዋ የቀጠፈችውን ዳማከሴ እፍኝ ሙሉ ይዛለች። «ምችን ለእኔ ተዉልኝ» አለችና ዓይኔ እስኪያቃጥለኝ ፊቴን አሸችው። አንዷ እንቁላል በጭድ፣ አንዷ ማር በጣሳ፣ አንዷ ሙዝ ከግርጌዬ ደረደሩ። ባልቴቲቱም ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ከራስጌዬ ተቀመጡ። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው መሬቱ ላይ በሦስት መስመር ቁጭ አሉ። ልክ እንደ ክፍላቸው ነው።

«ቲቸር ከነጫማዋ ነው የተኛችው!» አለ የባጃጅ ነጂው ልጅ። ጋቢውን ከግርጌ ገልጦ ቆሟል።

እናቱ ቆነጠጠችው፤ ግን አልፏል። ባልቴቲቱ በምርኩዛቸው ጫፍ ጋቢውን ከፍ አድርገው ጫማዬን አዩ፣ ቀጥሎም ፊቴን አዩ። «ይቺ በሽተኛ ደግሞ ወዴት ልትሄድ ነው?» አሉ።

መሄጃ አልነበረኝም። አረንጓዴ ፊቴን ይዤ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። «አላመመኝም» አልኩ። «ገንዘብ አጥቼ ነው። ትምህርት ቤቱን ልዘጋ ነው። መናገር አፍሬ ነው የተኛሁት።» ከዚያም እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከፊሉ የዳማከሴው ነው፣ ከፊሉ ግን የእኔ ነው።

ከዚያ የባጃጅ ነጂው ሚስት እጇን ነጠላዋ ላይ እየጠረገች «የእኔም ልጅ አላመመውም ነበር» አለች። ከጎኗ ያለችው «የእኔዋም» አለች። «የእኔም።» የመንትዮቹ እናት «የእኔ ሁለቱም» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምን ዓይነት ሳቅ ነው! ሆዳችንን ይዘን፣ እየተደጋገፍን ሳቅን። አንዷ የሚቀጥለውን ወር በእንቁላል ልክፈል አለች፣ አንዷ ማገዶ፣ የአንዱ ግንበኛ ሚስት ባሏ ከፀሐይ ተነሥቶ ሽንት ቤቱን እንደሚጠግን ማለች። እኔም ያላችሁን፣ ስታገኙ አልኳቸው። ይህን ማለት መስከረም ላይ ምን ገዶኝ ነበር?

ባልቴቲቱ ብቻ ወለሉን በምርኩዛቸው ይቆረቁራሉ። ሽንኩርቱን እያሰቡ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

በሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት እናት ሳትስቅ ቆማለች። ከጋዝጊብላ መጥታ እዚሁ ጠላ እየሸጠች የምትኖር ዝምተኛ ሴት ናት፤ አማርኛዋ አጭር አጭር ነው። «የእኔዋ እውነት ነው» አለች። «ሳንባዋን ታማለች። ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። ሰው ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ነበር።»

እርስ በርሳችን ተያየን። አንዳችንም አልሄድንም። እናቶቹ ሁሉ እሷም እንደ እኛው ዋሽታ ነው ብለው ትተዋታል። እኔማ ከሁሉም ባስኩ። ልጄ ታማለች ብላ የነገረችኝ የአክስቴ ልጅ ቤት ለቤት በዞረች ማግስት ነው፤ ዳግመኛ አልሞኝም ብዬ ፊት ለፊቷ ፈገግ አልኩባትና «እሺ፣ እሺ፣ እግዜር ይማራት» አልኳት። በሕይወቴ ብዙ የማፍርበት ነገር አለ፤ የዚያን ቀን ፈገግታዬን ያህል የሚያሳፍረኝ ግን የለም።

ማንም እንሂድ አላለም፤ ሁላችንም ተነሣን። ከግርጌዬ የተደረደረውን እንቁላልና ማር፣ ሙዙንም ለቃቅመን ወጣን። እኔ ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም። ያን ሁሉ ሴትና ሕፃን ከኋላዬ አስከትዬ ዳገቱን ስወጣ፣ ለቅሶ መስሏቸው የማናውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀላቀሉን። ልንመልሳቸው ብንሞክርም እምቢ አሉ፤ ከመጣን አይቀር አሉ።

ቤቷ ጠባብ ናት። ልጆቹ ደጅ ቀርተው በመስኮቱ ተደራረቡ። ልጅቷ መደብ ላይ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከስታ ዓይን ብቻ ሆናለች። ዓይኗ ከእኔ ፊት ወደ ጓደኞቿ፣ ከእነሱ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ከዚያ በኽምጣና አንድ ነገር አለች።

«ሁሉም የመጡት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነው ወይ? ትላለች» አለች እናቷ።

«አልተዘጋም» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ካልኩ በኋላ ነው ይህን ማለት የእኔ እንዳልሆነ ትዝ ያለኝ።

ዞር አልኩ። ባልቴቲቱ በሩ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከዳገቱ ድካም ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። እናቶቹም ዞረው አዩዋቸው። ልጅቷም አየቻቸው፣ መልሱ ከማን እንደሚመጣ የገባት ይመስል።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «አልተዘጋም ተባለ እኮ!»

ከዚያም ለእኛ የተናገሩት ያልበቃ ይመስል፣ ወደ መደቡ ጠጋ ብለው ለልጅቷ በራሷ ቋንቋ ቀስ ብለው ደገሙላት።