የጉዴሌው ፕሪንተር

ከኮምቦልቻ የወጣሁበት ዋዜማ፣ አባዬ ቀሚሴን ገልብጦ የስፌት መኪናው ላይ ዘረጋና ከውስጥ ኪስ ሰፋልኝ። ዕድሜውን በሙሉ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ የሰው ሱሪ ማሳጠር እንጂ ልጅ መሸኘት አይችልበትም። ፓስፖርቴ፣ አራት ቦታ የታጠፈው የአይሲቲ ዲፕሎማዬና አንዲት ፍላሽ ኪሱ ውስጥ ገቡ። ክሩን በጥርሱ በጠሰና «ድርብ ስፌት ነው፣ አይተረተርም። ብቻ በደወልሽ ቁጥር ስለ ኪሱ እጠይቅሻለሁ» አለኝ። ልቡ ደካማ መሆኑን ሐኪም ነግሮን ስለነበር ጥዬው መሄዱ አስፈርቶኝ ነበር። ፊቴን አየና «ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ፤ በሕይወት እስካለሁ ሌላ ሰው አያነሳውም» ብሎ ጨመረልኝ። እህቴ ዘሀራ «እኔስ ጆሮ የለኝም?» ብላ ሳቀችበት።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ አሁን ያለሁባትን የደቡብ ሱዳኗን ጁባን በረሃ ታደርጓታላችሁ። ነጭ አባይ ዳር የተቀመጠች፣ ማንጎ የሞላባት ከተማ ናት፤ ሙቀቷ ግን የኮምቦልቻን ግንቦት ብርድ ያስብላል። ኪስራ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ሲያዩት እንጀራ ነኝ ይላል፣ ግን ስስ ነው፣ ዓይንም የለው። የመጀመሪያ ቀን ጎርሼ አለቀስኩ፣ አሁን ደስ ይለኛል፣ ሰው ምን የማይለምደው አለ። ካቶር በሚባለው ሰፈር ያከራየችኝ ማማ ሮዛ ቤቱን ስታሳየኝ «መብራት በኪራዩ ውስጥ ነው» ብላኝ ነበር። በሳምንቱ አምፖሉን እያሳየሁ፣

«ማማ፣ መብራቱ የታለ?» አልኳት።

«ፊ» አለች ወደ ሰማይ እያመለከተች፣ አለ ማለቷ ነው። «ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሲመሽስ?»

«ሲመሽ ማፊ» አለች፣ የለም ማለቷ ነው። «ሲመሽ ሰው ይተኛል።»

ሥራ የሰጡኝ የአገሬ ሰው ሐጂ ከድር ናቸው፤ ከኡጋንዳ በሎሪ የሚመጣ ዕቃ ካስተም ገበያ የሚያራግፉ ጅምላ ነጋዴ። ካስተም፣ ካቶርና ጉዴሌ ሦስት ሱቅ አላቸው፤ በየሱቁ የዕቃውን ዝርዝር የሚይዝ ሰርቨር የሚሉት ኮምፒውተር ተቀምጧል። ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር ሐጂ «ሰዓዳ፣ ጉዴሌ ሞተች እንዴ?» እያሉ ይደውሉብኛል፣ እኔም በቦዳ ሞተር አቧራ ስቅም እሄዳለሁ፣ ስደርስ ገመዱን ድመት ነቅላው አገኛለሁ። ሲሰለቸኝ አስር መስመር የማትሞላ ስክሪፕት፣ ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጻፍኩ። የሦስቱን ሰርቨሮች አድራሻ ይዛ በየአስር ደቂቃው እያንዳንዱን «አለህ?» ትላለች፤ መልስ ከመጣ ለኔና ለሐጂ ስልክ «ፊ»፣ ካልመጣ «ማፊ» ብላ ትልካለች። ካስተም ውስጥ እነዚህን ሁለት ቃላት የማያውቅ የለም። ሐጂ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ለጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ «ልጄ የሠራችው» እያሉ ስልካቸውን ያሳያሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የአባዬን ስልክ ዘሀራ ማንሳት ጀመረች።

«አባዬስ?»

«ተኝቷል።»

በሌላ ቀን መስጊድ ሄዷል፣ በሌላ ቀን ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል። «ሰላም ብሎሻል» ትለኛለች ሁልጊዜ። ፈራሁ፣ ግን አለ ከተባልኩ አለ ነው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። እዚህም ሰዉ ደግ ሆነብኝ። የሐጂ ባለቤት በየቀኑ ምሳ ትልክልኛለች። ሐጂ ደግሞ «ቅዳሜ ሥራ የለሽም፣ ቤት ትመጫለሽ፤ የአክስትሽ ልጅም ከካምፓላ ልትጠይቅሽ ትመጣለች» አሉኝ። እኔም ሞኟ ምን ዓይነት የተባረኩ ሰዎች ናቸው አልኩ።

ዛሬ ሐሙስ፣ የጉዴሌን ዝርዝር ወደ ካስተም ልቀዳ ብል እምቢ አለ። ስክሪፕቷን አየኋት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉዴሌ ፊ፣ ፊ፣ ፊ። መልሱም አንድ ጊዜ እንኳ አልዘገየም። በጭቃው ቦዳ ይዤ ሄድኩ። ሰርቨሩ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል፣ የሱ ገመድ ፕሪንተሩ ላይ ተሰክቷል።

የጉዴሌውን ሱቅ የሚይዘው ጋትሉዋክ ነው፤ ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ ያደገ፣ አማርኛው ከኔ የማይተናነስ የዚሁ አገር ልጅ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጄኔሬተሩ ሲንተፋተፍ ሰርቨሩ ተቃጠለ፣ ሰዓዲ። የሱን አድራሻ ለፕሪንተሩ ሰጠሁት። ዝርዝሩን በደብተር እየጻፍኩ ነው፣ ምንም አልጠፋም።»

ስክሪፕቴ «አለህ?» እንጂ «ማን ነህ?» አትልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰርቨሩ ቦታ ፕሪንተር ሲመልስላት አምናለች። ሳቄ መጣ።

«ምን ዓይነት ጉድ ነህ! ተቃጠለ ብትለኝ እገድልህ ነበር?»

«ማፊ ብላ ከላከች ትመጫለሽ። ሐጂ ደግሞ በዚህ ሰሞን ሥራ እንዳናበዛብሽ፣ እስከ ቅዳሜ ምንም እንዳናስጨንቅሽ አደራ ብለውን…»

«ቅዳሜ ምን አለ?»

ዓይኑን ፕሪንተሩ ላይ ተከለ። በልጅነቱ የኛን ሰው ጉድ ሁሉ አይቶ ያደገ ነው፤ መርዶ ለምን በስልክ እንደማይነገር፣ ለምን ዘመድ ከሩቅ እንደሚጠራ ያውቃል። «ማሌሽ፣ እህቴ» አለኝ፣ ይቅርታ ነው። ሁሉም ገባኝ። ወንበር አምጥቶ ውሃ ቀዳልኝ።

ስክሪፕቷን እዚያው አስተካከልኳት። አሁን እያንዳንዱ ሰርቨር የዕለቱን ዝርዝር አንብቦ ካልመለሰ «ፊ» አትልም፤ ፕሪንተር ይህን አይችልም። እጄ ሲሠራ ልቤ ስልኩ ጋ ነበር። ዘሀራን እንደ ሰርቨሩ ልፈትናት አልፈለግሁም። አባቴን ቀብራ ቤት ገብታ፣ ሦስት ሳምንት የኔን ስልክ እያነሳች ለቅሶዋን ስትውጥ የኖረች ልጅ ናት። ብታፈርጠው ማን ይይዛታል? እኔን ቅዳሜ የሚይዙኝ ሰዎች አሉ። ቅዳሜ እንዳልሰማ ሆኜ ሐጂ ቤት እገባለሁ፣ መርዶውንም በወጉ ከሽማግሌዎቹ እቀበላለሁ።

ድምፅዋን ብቻ ልስማ ብዬ ደወልኩ። ወዲያው አነሳችው።

«አባዬስ?»

«ደህና ነው። አሁን ወጣ አለ።»

እሺ ብዬ ልዘጋ ነበር፤ ምላሴ አዳለጠኝ። «ስለ ኪሱ አልጠየቀኝም?»

ከበረንዳችን ማዶ የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ግን የለም።

«ጠይቋል» አለች በመጨረሻ።

እጄን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ ስፌቱን ዳበስኩት። «አልተተረተረም በይው።»

«እሺ» አለች እህቴ። «እነግረዋለሁ።»