ትእዛዝ የማያፈርሰው

ከመድኃኒት ቤቴ ፊት ለፊት ባለው የብረታ ብረት ሱቅ ደጃፍ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ይቆማል። ኮቱ ያረጀ ቢሆንም የተተኮሰ ነው፤ ባዶው የቀኝ እጅጌው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ባለሱቁ በሩን ሲከፍት ቀጥ ብሎ በግራ እጁ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጠዋል። ባለሱቁ አመድ ይመስላል። ሰውየው አይሳደብም፣ አይለምንም፤ ደንበኛ እስኪሸሽ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል እንጂ።

«ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ይሄ ባለሱቅ በጦር ሜዳ አዛዣችን ነበር። ጥይት ሲያልቅብን ‹ምሽጋችሁን እንዳትለቁ፣ ይዤላችሁ እመለሳለሁ፣ ጠብቁኝ› ብሎ በመኪናው ወጣ። በዚያው ቀረ። ጓዶቼ እየጠበቁት አለቁ።» ፈገግ አለ። «እኔ ትእዛዝ አላፈርስም። ይኸው እየጠበቅኩት ነው።»

ባለፈው ሳምንት ባለሱቁ ዕቃውን ጭኖ ሰፈር ለቀቀ። «የነገርኩህን አዲስ ሰፈር ለዚያ ሰው እንዳትነግርብኝ፣ በልጆችህ!» ብሎ ለመነኝ።

በማግስቱ ሰውየው ከተዘጋው በር ፊት ግራ ተጋብቶ ሲቆም አላስቻለኝም። ተሻግሬ አዲሱን ሰፈር ነገርኩት። አላመሰገነኝም።

«የመጀመሪያው አውቶቡስ መቼ ነው የሚነሳው?» አለኝ ኮቱን እየቆለፈ። «በሩን ሲከፍት እዚያ መገኘት አለብኝ።»