ልክ የነበረው ቀን

ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልፈጠረብኝም። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ያለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያላት። አግዳሚው ላይ ከመምህርነት ጡረታ የወጡት አጎቴ ይቀመጣሉ፤ እኔ ወጣ ስል ደንበኛ ያስተናግዳሉ። ኔትወርክ ሲዘገይ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። «ኧረ እረፍ ልጄ፣ ቤቱን አዞርኸው!» ይሉኛል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ከገሳይ በሚኒባስ መጥታ ገባች። ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ናት፤ ይህን የነገረችኝ ማስረጃዎቿን ስካን ሳደርግላት ነው። ለነርስነት ትምህርት ልትመዘገብ ነው የመጣችው። ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ ያውም ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«ዘንድሮ ካለፈኝ ተመልሼ መሄዴ ነው» አለች። «ደላላው ከወዲሁ እየደወለ ነው።»

የኮሌጁን አድራሻ ጻፍኩ። ገጹ በመከፈት ፈንታ ቀይ ምልክት መጣ፤ ግንኙነትዎ የግል አይደለም ይላል።

«ምን ማለት ነው?»

«እያንዳንዱ ድረ ገጽ መታወቂያ አለው፤ የደህንነት ሰርተፊኬት ይሉታል። ኮምፒውተሩ መታወቂያውን አይቶ አላመነውም።»

እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሌላ ብራውዘር ከፈትኩ፤ ያው ነው። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁት። ኔትወርኩን ረገምኩ፣ ቀጥዬ ኮሌጁን ረገምኩ። በእሷ ስልክ ስንሞክረው ግን ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ስልኳ መስታወቱ ተሰንጥቆ የታችኛው ግማሽ ሲነኩት አይሰማም፤ ቅጹን ሊያስሞላ አይችልም። የእኔን ስልክ ደግሞ ባለቤቴ ይዛው ሐሙሲት ገበያ ሄዳለች። እንግዲህ ጥፋቱ የኮምፒውተሬ ነው ማለት ነው፤ ይህ ይበልጥ አናደደኝ።

«ማስጠንቀቂያውን ችላ ብለን እንለፈው» አልኳት። ከሥሩ የምትገኘውን ቁልፍ ተጭኖ በራስ ኃላፊነት መቀጠል አለ። ጣቴን ማውሱ ላይ አደረግኩ።

«አይሆንም!» አለች ፈጠን ብላ። «የፓስፖርቴን ቁጥር፣ መታወቂያዬን ሁሉ ልልክበት አይደል? ያኔ የሥራ ውሉን ሳላነብ ፈርሜ ዓረብ አገር ሄጄ ያገኘኝን እኔ ነኝ የማውቀው። የማይገባኝን ነገር ዘልዬ አላልፍም። ለምን እንዳላመነው አንብበው።»

ተበሳጨሁ። እኔ ለእሷ ብዬ ስጣደፍ እሷ ታዘገየኛለች! ቢሆንም አነበብኩ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የቀን ነገር ነው፤ ሰርተፊኬቱ የሚጸናበት ጊዜ ገና አልደረሰም ይላል። በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን አየሁ። ቀኑም ወሩም ዓመቱም የዛሬው ነው።

«ቀኑማ ልክ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«እንዴት ልክ አይሆን» አሉ አጎቴ ከአግዳሚው፣ ደስ ብሏቸው። «ጠዋት እኔው አይደለሁ ያስተካከልኩት?»

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«አንተ ቁርስ ስትሄድ አንድ ሰውዬ ማመልከቻ አስጻፈኝ። ይኸ ማሽን በገዛ እጁ የፈረንጅ ቀን ያትምበታል፤ ቀበሌ ደግሞ በፈረንጅ ቀን አልቀበልም ብሎ ሰውየውን መለሰው። ታዲያ ዝም ልበል? ቀኑን ወደ እኛው መለስኩት። ሰዓቱንም ጭምር እንጅ!»

ሳቄና ንዴቴ አንድ ላይ መጡ። ያንን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የእኛ ስለሆነ ለዓይኔ ልክ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ለልጅቷ ነገሩን አስረዳኋት፤ አጎቴ ሳያውቁ ማሽኑን ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ መልሰውታል፣ የኮሌጁ ሰርተፊኬት ደግሞ ያን ጊዜ ገና አልወጣም፣ ስለዚህ አላመነውም አልኳት።

«ሰባት ዓመት?» አለች። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ቀኑን ትኩር ብላ አየችው። «ያኔ እኮ ገና አልሄድኩም። ለዚሁ ትምህርት ልመዘገብ እዚሁ ደብረ ታቦር መጥቼ ነበር። ሰልፉ ረዘመብኝ፤ ነገ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ደላላው ቤታችን መጣ።»

አጎቴ አንገታቸውን ደፉ። የግድግዳው ሰዓት ወደ አሥራ አንድ እየተጠጋ ነው። ቀኑን ለመመለስ ቸኩያለሁ፤ እሷ ግን ዓይኗን ከዚያች ጥግ አልነቀለችም።

«በል መልሰው» አለች በመጨረሻ።

መለስኩት። ገጹ ተከፈተ። ወንበሩን ለቀቅኩላትና ራሷ መሙላት ጀመረች፤ እያንዳንዱን መስመር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ቶሎ በይ ልላት አፌን ስከፍት አጎቴ በዓይናቸው ከለከሉኝ። እጆቼን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ።

የመጨረሻውን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ዞር ብላ አየችኝ።

«አሁን ቀኑ ዛሬ ነው አይደል?»

«ዛሬ ነው» አልኳት። ተጫነችው።